ፎልአውት፦ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈ አንድ ቁጥር ያን ሁሉ ተጫዋች ለምን አስቆጣ?

ጥያቄ፦ «የፎልአውትን ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ሲዝን አይቼ ጨረስኩ፤ በጣም ወደድኩት። ጌሙን ግን ነክቼው አላውቅም። ለዓመታት ሲጫወተው የኖረው ጓደኛዬ ክፍል 6 ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ሲታይ ‹ኒው ቬጋስን ሰረዙት!› ብሎ ብድግ አለ። ከዚያ ወዲህ የድራማው ነገር በተነሳ ቁጥር ይቆጣል። ምን ታይቶት ነው? እውነት አለው? እኔስ ጌሙን ልጀምር ብል ከየትኛው ልነሳ?»

ምላሽ፦

ጓደኛዎ የሚቆጣበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ግን ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር አይደለም። ቁጥር ለክርክር ስለሚመች ነው ሁሉም እሱ ላይ የተረባረበው። እውነተኛው ቅሬታ ከሥሩ ነው ያለው፤ እሱን ደግሞ በአንድ የማስተባበያ መግለጫ መዝጋት አይቻልም። (ከዚህ በታች የመጀመሪያውን ሲዝን ፍጻሜ ጭምር አነሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሰሌዳው እንጀምር። ታሪኩ የሚካሄደው በ2077 በኒውክሌር ጦርነት በወደመች ዓለም ውስጥ ነው። የድራማው ዋና ገጸ ባሕሪ ሉሲ ቮልት 4 በተባለው የምድር ውስጥ መጠለያ ስትዘዋወር የልጆች መማሪያ ክፍል ታገኛለች። ሰሌዳው ላይ የሼዲ ሳንድስ ከተማ ታሪክ በዓመት በዓመቱ ተሰድሯል። ወደ መጨረሻው «የሼዲ ሳንድስ ውድቀት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ አብሮት 2277 ተጽፏል። ከእሱ አንድ ቀስት ይወጣና የእንጉዳይ ቅርጽ ወዳለው የኒውክሌር ደመና ሥዕል ያመራል። ለሥዕሉ ለብቻው ዓመት አልተጻፈለትም። ትዕይንቱ ቶሎ ያልፋል፤ አብዛኛው ተመልካችም ልብ አይለውም። ጌሙን የሚያውቅ ሰው ግን ቪዲዮውን አቁሞ ያነበዋል።

ለምን ቢሉ፣ «ኒው ቬጋስ» የተባለው ጌም ታሪኩ የሚካሄደው በ2281 ነው። ሼዲ ሳንድስ ደግሞ የአዲሲቱ ካሊፎርኒያ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ናት፤ ሪፐብሊኳን ተጫዋቾች በአጭሩ ኤንሲአር ይሏታል። በጌሙ ውስጥ የኤንሲአር ወታደር በየኬላው አለ። የሁቨር ግድብን ይጠብቃል፣ በደሞዙና በአለቆቹ ያማርራል፣ ካሊፎርኒያ የቀሩትን ፖለቲከኞች ያማል። ዋና ከተማው ከ4 ዓመት በፊት በኒውክሌር ቦምብ የጠፋችበት ሰው እንዲህ አያወራም። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ አንድም ሰው ስለ እንዲህ ያለ መዓት ትንፍሽ አይልም። እንግዲህ 2277ን የቦምቡ ዓመት አድርጎ ያነበበ ሰው ያለው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ ድራማው ተሳስቷል፣ ወይ ኒው ቬጋስ ከታሪኩ መዝገብ ወጥቷል። ጓደኛዎ የያዘው ሁለተኛውን ነው።

ሰሌዳው ራሱ ግን ይህን አያረጋግጥለትም። «ውድቀት» እና «ፍንዳታ» ሁለት ነገር ናቸው፤ ቀስቱም «ከዚያ በኋላ» ማለት ነው። የጌሞቹ ባለቤት የሆነው የቤተስዳ ስቱዲዮ ኃላፊና ከድራማው ፕሮዲውሰሮች አንዱ የሆነው ቶድ ሃዋርድ ቦምቡ የወደቀው ከኒው ቬጋስ ታሪክ ጥቂት ቆይቶ እንደሆነ፣ ጌሙም ከታሪኩ እንዳልወጣ በይፋ ተናግሯል። ሒሳቡም ያስኬዳል። ድራማው የሚካሄደው በ2296 ነው። ቦምቡ በ2282 ወይም በ2283 ወደቀ ቢባል በመሃል 13 ወይም 14 ዓመት አለ። ሌላው ዋና ገጸ ባሕሪ ማክሲመስ ከፍርስራሹ ውስጥ በሕይወት የወጣ ትንሽ ልጅ ነበር፤ አሁን ጎልማሳ ሳይሆን ወጣት ሆኖ ነው የምናየው። ይገጥማል።

«ውድቀት» የሚለውም ቃል ከሰማይ የወረደ አይደለም። ኒው ቬጋስን በጥሞና የተጫወተ ሰው ኤንሲአር ከአቅሟ በላይ እንደተለጠጠች ያውቃል፤ ጦሯ ሰፊ በረሃ ላይ ሳስቶ ተበትኗል፣ የከብት ባለሀብቶች ምክር ቤቱን ይዘውታል። ማካረን የጦር ሰፈር ውስጥ ያለው የምርምር ኃላፊ ደግሞ በ10 ዓመት ገደማ ረሃብ እንደሚመጣ ያስጠነቅቃል። ይህን ማስጠንቀቂያ ከነጭራሹ ሳይሰሙ ጌሙን መጨረስ ስለሚቻል ብዙ ተቆጪ ደጋፊ አያስታውሰውም።

ማስተባበያው ታዲያ በቂ ነው? በእኔ ግምት ቀዳዳውን ይደፍናል፤ የተለጠፈ መሆኑ ግን ያስታውቃል። ከተማቸው በአንድ ቀን አመድ የሆነችባቸው ሰዎች ለልጆቻቸው ታሪክ ሲያስተምሩ የፍንዳታውን ዓመት ትተው «ነገሩ መበላሸት የጀመረበትን» ዓመት ይጽፋሉ ማለት ይከብዳል። ሰሌዳውን ያሰናዳው ሰው ከደመናው አጠገብ 4 አኃዝ ቢጨምር ኖሮ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ አይኖርም ነበር።

የሚገርመው፣ ከዓመቱ ይልቅ ለመከላከል የሚከብደው ቦታው ነው፤ የሚጮኽበት ሰው ግን ጥቂት ነው። በ1997 በወጣው የመጀመሪያው ጌም ሼዲ ሳንድስ ወደ ሰሜኑ የካርታው ክፍል ያለች፣ በጭቃ ግድግዳ የታጠረች ትንሽ የገበሬ መንደር ናት። የፈረሰችው ሎስ አንጀለስ፣ በጌሙ ስሟ «ቦንያርድ»፣ ያለችው ከካርታው ታች፣ ደቡብ ላይ ነው። በድራማው ጉድጓዱ የሚታየው ሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ ሉሲ ከወጣችበት ቮልት በእግር በሚደረስበት ነው። ዓመቱን «ሌላ ማለታችን ነው» ብሎ ማስተካከል ይቻላል፤ ከተማ ግን አንስቶ ሌላ ቦታ መትከል አይቻልም። ለታሪኩ ስለተመቸ ነው ያዛወሩት፤ እንዲሁ ብለው ቢያምኑ ይሻል ነበር።

አሁን ከሥር ወዳለው ነገር እንምጣ። የምዕራቡ ዳርቻ ጌሞች ሲደመሩ አገር ስለመገንባት ናቸው። በ2161 ያቺን የጭቃ መንደር ያያሉ። በ2241፣ በሁለተኛው ጌም፣ ተመልሰው ሲመጡ የመንደሩ አለቃ ልጅ የነበረችው ታንዲ አርጅታ የሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት ሆናለች፤ መንደሯም ሕግ፣ ፖሊስና ገንዘብ ያላት ዋና ከተማ። በ2281 ያው መንግሥት ሠራዊቱን ኔቫዳ ድረስ አዝምቶ የኤሌክትሪክ ግድብ ይዟል። 120 ዓመት የፈጀ ታሪክ ነው፤ ለነዚህ ተጫዋቾች ፎልአውትን ከሌሎች የፍርስራሽ ጌሞች የሚለየውም እሱ ነው። ጥያቄው «ሰው እንዴት ይተርፋል?» መሆኑ ቀርቶ «ከተረፈ በኋላ ምን ዓይነት መንግሥት ያቆማል?» ወደሚለው አድጓል።

ድራማው ይህን ሁሉ ከመድረክ ጀርባ ጨርሶ ነው የሚጀምረው። ክፍል 8 ላይ ከተማዋን ያጠፋው የሉሲ አባት ሃንክ እንደሆነ ይገለጣል፤ ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ወደዚያች ከተማ ሄዳ ነበር። ለድራማ ጥሩ ነው፤ ጥፋቱ ፊት አለው፣ ሉሲም የምታሳድደው አባቷን ነው። ጌሙን ለሚያውቅ ሰው ግን የሦስት ጌም ሥራ፣ ያውም እሱ ራሱ በእጁ ያገዘው፣ በአንድ የቤተሰብ ጉዳይ ተጠረገ ማለት ነው። ዓለሙ እንደገና ወደ አሸዋና ሽፍታ ተመለሰ። «ኒው ቬጋስን ሰረዙት» የሚለው ጩኸት ሲተረጎም «ያደገውን ዓለም መልሰው ሕፃን አደረጉት» ነው። ለዚህኛው ቅሬታ ማስተባበያ የለም፤ ምክንያቱም ድራማው ያደረገው ይህንኑ ነው። ጥሩ አደረገ ወይስ መጥፎ፣ የምርጫ ጉዳይ ነው። ባድማው ለአዲስ ተመልካች ከተደራጀ መንግሥት ይልቅ ቶሎ ይገባል፤ ለዚህ የከፈሉት ግን የድሮውን ተጫዋች ነው።

ሁለተኛው ችግር የቴክኒክ ነው። ኒው ቬጋስ አራት ዋና ፍጻሜ አለው። ግድቡን ለኤንሲአር መስጠት ይችላሉ፤ ቄሳር ሌጌዎን ለተባለው ባሪያ ፈንጋይ ጦር፣ ለከተማዋ ገዢ ለሚስተር ሃውስ፣ ወይም ሁሉንም አባርረው ለራስዎ ማስቀረትም ይችላሉ። በ2011 በወጣው «ሎንሰም ሮድ» በተባለው ተጨማሪ ክፍል ደግሞ በኤንሲአር መንገድ ላይ፣ በሌጌዎን ግዛት ላይ፣ በሁለቱም ላይ ወይም በአንዳቸውም ላይ ኒውክሌር መተኮስ የተጫዋቹ ፈንታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱ ታሪክ አለው ማለት ነው። ቴሌቪዥን ይህን ማድረግ አይችልም፤ አንዱን ሲመርጥ የቀሩትን ተጫዋቾች «የእናንተ አልሆነም» ይላቸዋል። ካልመረጠ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ጭጋግ ውስጥ ይከተዋል። የድራማው አዘጋጆች የያዙት ሁለተኛውን ነው፤ ከዲሴምበር 2025 ጀምሮ በየሳምንቱ የተላለፈው ሁለተኛው ሲዝን ወደ ኒው ቬጋስ ሲገባ አንዱን ፍጻሜ ብቻ ትክክለኛ እንዳያደርጉ እንደሚጠነቀቁ ተናግረው ነበር። ብልህነት ነው፤ ማንንም ሙሉ በሙሉ አያስደስትም እንጂ።

እንደ እሱ ከጌም ከተሠራው ከ«ዘ ላስት ኦፍ አስ» ድራማ ጋር የሚያመሳስለው ካለ፣ እዚህ ጋ ይለያያሉ። እዚያ ጌሙ አንድ ታሪክ፣ አንድ ፍጻሜ ነው ያለው፤ ስለዚህ ደጋፊው ትዕይንትን ከትዕይንት ያስተያያል። በመጀመሪያው ሲዝን በአየር የሚተላለፈው የፈንገስ ብናኝ ቀርቶ ክር መሰል ሥር መምጣቱ፣ የቢልና የፍራንክ ታሪክ ከጥላቻ ወደ ፍቅር መቀየሩ፣ አቢ ጡንቻዋ አለመፈርጠሙ ሁሉ የዚያ ዓይነት ሙግት ናቸው። ፎልአውት ግን የየትኛውም ጌም ቅጂ አይደለም። አዲስ ታሪክ በአሮጌ ዓለም ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚመረመረው ዓለሙ ነው። መቼ፣ የት፣ በማን ነው ጥያቄው።

የቆየ ቂምም አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጌሞች ኢንተርፕሌይ የተባለ ኩባንያ ነበሩ። ቤተስዳ መብቱን በ2007 ገዝቶ የራሱን ጌሞች በምሥራቁ ዳርቻ፣ በዋሽንግተንና በቦስተን ሠራ። ኒው ቬጋስን የሠራው ሌላ ስቱዲዮ፣ ኦብሲዲያን፣ ነው፤ ከድሮዎቹ ሠሪዎች የተወሰኑት እዚያ ነበሩ። 18 ወር ገደማ ተሰጥቷቸው በኦክቶበር 2010 አወጡት። በውሉ መሠረት የጉርሻ ክፍያ የሚያገኙት ጌሙ የሃያሲያንን ነጥብ በአማካይ በሚያወጣው ሜታክሪቲክ ድረ ገጽ 85 ካገኘ ነበር፤ 84 አገኘ። ይህቺን አንድ ነጥብ ደጋፊው እስካሁን አልረሳትም። ሰሌዳው ላይ 2277ን ሲያይ «ይኸው፣ ደግሞ» ያለው ለዚህ ነው። (የመጀመሪያው ጌም አባት የሚባለው ቲም ኬን በበኩሉ ድራማውን በአደባባይ አወድሶታል፤ ይህን ለጓደኛዎ ሲነግሩት ረጋ ብለው ቢሆን ይመረጣል።)

ሌሎቹ ቅሬታዎች ቀለል ያሉ ናቸው። ጉሉ፣ ማለትም በጨረር መልኩ ተበላሽቶ ለዘመናት የኖረው ገጸ ባሕሪ፣ አእምሮውን እንዳይስት ከብልቃጥ የሚወስደው መድኃኒት ጌሞቹ ውስጥ የለም፤ ለድራማው የተፈጠረ ነው፤ ለገጸ ባሕሪው ጊዜ የሚቆጥርበት ሰዓት ስለሆነለት እኔ አልከፋበትም። ክፍል 8 ላይ ኩባንያዎቹ በስብሰባ ቦምቡን ራሳቸው ስለመጣል ሲማከሩ መታየታቸው ግን ይበልጥ ያወያያል። በጌሞቹ በ2077 መጀመሪያ የተኮሰው ማን እንደሆነ ሆን ተብሎ ሳይመለስ የቆየ ጥያቄ ነው። ሲዝን 1 ሐሳቡን እንጂ ድርጊቱን አላሳየም፤ «ቮልት-ቴክ (መጠለያዎቹን የሠራው ኩባንያ) ነው ያደረገው» ተብሎ የተዘጋ አድርገው የሚጽፉ ሰዎች ከታየው በላይ ሄደዋል።

ዕቃው ላይ ደጋፊው ከሞላ ጎደል ይስማማል። የብረት ጥሩሩ በኮምፒውተር ብቻ የተሳለ አይደለም፤ በአካል ተሠርቶ ሰው ውስጡ ገብቶ ነው የተንቀሳቀሰው። ክንድ ላይ የሚታሰረው ኮምፒውተር ፒፕ-ቦዩ፣ ሰማያዊው ቱታ፣ የ1940ዎቹ ዘፈኖች ከፍርስራሹ ጋር መጋጨታቸው፣ የሉሲ ጉዞ በየመንገዱ በትንንሽ ጣጣ መጠለፉ፤ ይህ የመጨረሻው ጌሙን የተጫወተን ሁሉ ያሳቀ ነው፤ ዋናውን ተልዕኮ ትቶ ለማያውቀው ሰው ዕቃ ፍለጋ ሦስት ሰዓት ያላጠፋ ተጫዋች የለምና።

የኢንተርኔት ነጥቦችን ሲያዩ አማካዩን ትተው ሥርጭቱን ይክፈቱ። ድምፁ 1 እና 10 ላይ ብቻ ከተከመረ ጠብ ነው እንጂ ግምገማ አይደለም። ክፍሉንና ትዕይንቱን ለይቶ የሚጠቅስ ቅሬታ ያንብቡ፤ «ዓለሙን አበላሹት» ብቻ የሚለውን ይለፉት። የተጻፈበትን ቀን ደግሞ አይርሱ፤ ስምንቱም ክፍሎች በኤፕሪል 2024 በአንድ ቀን ስለተለቀቁ ክፍል 8ን ሳያይ ክፍል 6 ላይ ቆሞ የጻፈ ብዙ ሰው አለ።

ከየትኛው ልጀምር ላሉት፣ ድራማውን መልኩን ወደው ከሆነ ፎልአውት 4። በድራማው የሚያዩት የጥሩሩ ሞዴልና የፒፕ-ቦዩ ገጽታ ከዚያ ጌም ቅርብ ነው፤ አያያዙም ለጀማሪ ይቀላል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ በኤፕሪል 25፣ 2024፣ ድራማው በወጣ በሁለት ሳምንቱ፣ ትልቅ ማሻሻያ ተለቆ ብዙ ሞዶችን (ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሯቸውን ለውጦች) ሰብሯል። ብዙዎቹ ሞዶች የሚደገፉበት ኤፍ4ኤስኢ የተባለው ፕሮግራም ከአንድ የተወሰነ የጌም ቅጂ ጋር ብቻ ስለሚሠራ ነው። «ፎልአውት ለንደን» የተባለው ግዙፍ ሞድ በዚህ ምክንያት ከኤፕሪል ወደ ጁላይ ተገፍቷል። የሞድ መመሪያ ሲያገኙ ለየትኛው ቅጂ እንደተጻፈ ይዩ፤ 1.10.163 የሚል ከሆነ ከማሻሻያው በፊት ላለው ነው።

የጓደኛዎ ንዴት እንዲገባዎት ከፈለጉ ግን ኒው ቬጋስ ነው መጫወት ያለብዎት። ተጨማሪ ክፍሎቹን ሁሉ የያዘውን «አልቲሜት ኤዲሽን» ይያዙ። በኤክስቦክስ የ360ው ቅጂ በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ ይሠራል፤ ለፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ግን የሚጫን ቅጂ የለም። በፒሲ ከሆነ አሮጌ ነውና እንዲሁ አይክፈቱት። መጀመሪያ ከ«ፕሮግራም ፋይልስ» ፎልደር ውጭ ይጫኑት፤ ዊንዶውስ እዚያ ውስጥ ፋይል መቀየር ስለሚከለክል በኋላ የሚያደርጉት ማስተካከያ አይያዝም። ከዚያ የማቀናበሪያ ፋይሎቹ እንዲፈጠሩ ማስጀመሪያውን አንዴ ከፍተው ይዝጉ። ቀጥሎ «4ጂቢ ፓቸር» የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም ያስኪዱ። ጌሙ 32 ቢት ስለሆነ ኮምፒውተርዎ የፈለገውን ያህል ራም ቢኖረው ያለ እሷ የሚጠቀመው 2 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ሲሞላበት ያለ ምንም መልእክት ይዘጋል። ከሷ በኋላ ሌሎች ሞዶች የሚደገፉበትን «ኤክስኤንቪኤስኢ»ን፣ በላዩም ምስሉ እየተቆራረጠ እንዳይሄድ የሚያደርገውን «ኤንቪቲኤፍ» ይጨምሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ላይ ያቁሙ። በመጀመሪያው ቀን 80 ሞድ የጫነ ሰው የሚያሳልፈው ጌሙን ሲጫወት ሳይሆን የቱ ሞድ እንደሰበረበት ሲፈልግ ነው።

ሴቭ ሲያደርጉ ጌሙ በራሱ በሚያስቀምጠው አውቶሴቭ አይተማመኑ፤ አዲስ ስም እየሰጡ በእጅዎ ያስቀምጡ።

ጌሙ ከሚጀምርበት ከጉድስፕሪንግስ መንደር ሲወጡ የቬጋስ መብራት በሰሜን ይታይዎታል፤ ቀጥታ መንገዱም አጭር ይመስላል። አይሂዱበት። በዚያ አቅጣጫ ካዛዶር የሚባሉ መርዘኛ በራሪዎችና ዴዝክሎ የሚባሉ ግዙፍ ባለ ጥፍር አውሬዎች አሉ፤ አዲስ ተጫዋች ከእነሱ አያልፍም። የታሰበው መንገድ ወደ ደቡብ ዞሮ በፕሪም፣ በኒፕተንና በኖቫክ በኩል ነው፤ የኤንሲአርን መለጠጥና የሌጌዎንን ጭካኔ የሚያዩትም በዚያው ላይ ነው። ፍሪሳይድ የተባለው የቬጋስ ሠፈር ሲደርሱ የዋናው ጎዳና በር ላይ 2,000 ካፕ (የጌሙ ገንዘብ) እንዳለዎት ያጣራሉ፤ አይወስዱብዎትም፣ መኖሩን ብቻ ነው የሚያዩት። ከዚያ በር ሳይገቡ አንድ ሴቭ ለብቻው ያስቀምጡና አይሰርዙት። አራቱም ጎራዎች የሚፈልጉዎት ከዚያ ወዲያ ነው፤ አንዱን ጨርሰው ሌላውን ለማየት የሚመለሱት ወደዚያ ሴቭ ነው። የመጨረሻው ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ጌሙ መመለሻ እንደሌለ ያስጠነቅቃል፤ ያኔ ግን ጎራ ለመቀየር ረፍዷል።